ሲሮ ብለን ያነበብናት ከተማ

መቼም የዩኒቨርስቲ ተማሪ ማንበብ አይችልም ቢባል ማን ያምናል? እኛ ግን ያለፈውን ክረምት በምዕራብ ሐረርጌ አሳልፈን፣ ሦስታችንም ማንበብ እንደማንችል በሚገባ አረጋግጠን ተመልሰናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ስንመዘገብ የተሰጠን ደብዳቤ «ጭሮ ከተማ» ይላል። ከመካከላችን አንዱ የአዲስ አበባ፣ አንዱ የደብረ ማርቆስ፣ አንዷ የጎንደር ልጅ ናት። ኦሮምኛ የሚያውቅ የለም። ስለ ሐረርጌ የምናውቀው ቢኖር ቡናውን በስም፣ «አቦ!» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከቀልደኞች አፍ ነው። በዚህ ስንቅ ተማምነን፣ ደብተርና ጠመኔ በሻንጣ ጠቅጥቀን፣ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ አውቶቡስ ማልደን ተሳፈርን። ለረዳቱም «ጭሮ ነን» አልነው። «እሺ» አለ።

አዋሽን ተሻገርን። ሚኤሶን ስናልፍ ሙቀቱ አድክሞን ነበር። ከዚያ ቆላው አለቀና መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ አለ፤ ሁለታችን እንቅልፍ ወሰደን። ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ አንዲት ሰፋ ያለች ከተማ ገብቶ ቆመ። ረዳቱ «አሰበ ተፈሪ ወራጅ!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ተሳፋሪ እቃውን እየጎተተ ወረደ። እኛ አልወረድንም። እኛ የምንወርደው ጭሮ ነዋ! ነቅታ የነበረችው ጓደኛችን በመስኮት አንድ ሰሌዳ አየችና በላቲን ፊደል የተጻፈውን «ሲ-ሮ» ብላ አነበበችልን።

«ሲሮ የሚባል ከተማ አለ እንዴ?»

«ይኖር ይሆናላ፤ አገሩ ሰፊ ነው» ተባባልንና ተመልሰን ተኛን።

ሂርና ስንደርስ ነው ነገሩ ያልተዋጠልን። ረዳቱን ጠርተን «ጭሮ ገና ነው?» ብንለው ዓይኑ ፈጠጠ። «ጭሮማ አለፈ! አሰበ ተፈሪ ወራጅ ብዬ አልጮኽኩም?»

«እኛ ያልንህ ጭሮ ነው!»

«እሱው ነዋ! ጭሮ ማለት አሰበ ተፈሪ፣ አሰበ ተፈሪ ማለት ጭሮ!»

«ሲሮስ?» አለች ጓደኛችን በቀጭን ድምፅ።

አውቶቡሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከኋላችን የተቀመጡ እናት ዕንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ፣ «ልጆቼ፣ በኛ ፊደል ያቺ ሲ ያላችኋት ጨ ናት» አሉን። ሂርና ላይ ወረድን። ያን ዕለት ማታ፣ ወደ ኋላ በሚመለስ ሚኒባስ ተጠቅጥቀን ጭሮ ስንገባ፣ «በመጀመሪያው ቀን ዞኑን ጎበኘን» እያልን ራሳችንን አጽናናን።

ለአንባቢ ስለ ስሞቹ ትንሽ እንበል። «አሰበ ተፈሪ» የሚለው ስም በራስ ተፈሪ ዘመን የወጣ ነው። ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን አስበው ካስተዳደሩት ሰዎች ዋናው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህን ስም ያለ ምክንያት አያልፈውም። «ፋቡላ»ን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እሳቸው ናቸው። አውሬዎችን አናግረው ሹማምንቱን በመተቸታቸው ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ዛሬ የከተማዋ ስም ጭሮ ነው። በትኬት ቆራጭና በሹፌር አፍ ግን አሰበ ተፈሪ ገና አልወረደም። በእኛ ዘንድ ብቻ ሲሮ ተብላ ነበር።

የተከራየናት ክፍል ከአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ናት። ሁሉም «አዴ» ስለሚሏቸው እኛም «አዴ» አልናቸው። አዴ በመጀመሪያው ጧት ሆጃ አፍልተው አመጡልን። ሆጃ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ፣ ጨው ጣል የሚደረግበት ነው። ስኳር የጠበቀ አፋችን ጨው ሲያገኝ ፊታችን ምን እንደመሰለ አናውቅም፤ አዴ ግን ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። በሁለተኛው ሳምንት ሆጃው ሲዘገይ በመስኮት ማየት ጀመርን። የማሽላው እንጀራም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ «ጤፍ የለም ወይ?» ያለው የደብረ ማርቆሱ ልጅ፣ ኋላ ከሁላችን አስበልጦ በላ።

ውኃ ሌላው ትምህርታችን ነው። ቧንቧው ሲመጣ መጣ ነው፤ ሳይመጣ ሲቀር ጀሪካን ይዞ መሰለፍ ነው። ሰልፉ ላይ የመጀመሪያውን ኦሮምኛችንን ተማርን። «ቢሻን» ውኃ፣ «ኮቱ» ና፣ «ገለቶማ» አመሰግናለሁ። ከሁሉ አብልጠን የተገለገልንበት ግን «ሂን ቤኩ» ነው፤ አላውቅም ማለት ነው። ማን ምን ቢጠይቀን «ሂን ቤኩ» እንላለን። የሰፈሩ ልጆች በመጨረሻ ስማችንን ትተው «ሂን ቤኩ» ብለው ይጠሩን ጀመር። ማታ ማታ ወደ ግቢ ስንገባ ደግሞ አዴ ሁልጊዜ «ገልተኒ?» ይሉናል፤ ገባችሁ? እንደ ማለት ነው። እኛም «ገልኔ» ብለን መመለስ ተማርን። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ትመለሳለች።

ሌሊት ጅብ ይጮኻል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከግቢው ዳር ነው። አንድ ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ባትሪውን ይዞ ወጥቶ ከአጥሩ ውጭ ሲጮኽበት እንዴት እንደተመለሰ አንናገርም። በማግስቱ ግን ለአዴ በኦሮምኛ ፍርሃቱን ሊገልጽ ፈለገና «ሶዳ» የሚለውን ቃል አጥብቆ ተናገረው። «ሶዳ» ላልቶ ሲነበብ ፍርሃት ነው፤ «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ አማች ነው። ስለዚህ ልጁ ለአዴ የነገራቸው ጅቡ አማቹ መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ጅብ በጮኸ ቁጥር አዴ በራችንን እያንኳኩ «ዘመድህ መጥቷል፤ ተነሥ!» ይሉት ነበር።

ሥራችን የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብና እንግሊዝኛ ማጠናከር ነው። አርባ የሚሆኑ ልጆች ተመዘገቡ። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ቀን የድመት ሥዕል ሠርተን ስሟን ከሥር ጻፍንና አንድ ልጅ አስነሥተን «አንብብ» አልነው። ልጁ ሳያመነታ «ጨት!» አለ። እኛ ሳቅን። በጫት አገር ድመትን ጫት የሚያደርግ ልጅ አገኘን ብለን፣ ጥርሳችን እስኪታይ፣ በአርባ ልጅ ፊት ሳቅን። ልጁ አብሮን አልሳቀም። ቁጭ ብሎ ራሱን ደብተሩ ውስጥ ቀበረ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ እጅዋን አወጣች። የአዴ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ናት፤ ከአዴ ጋር ስለምትኖር ግቢ ውስጥ እናውቃታለን። «ቲቸር፣ በእኛ ቁቤ እሱ በትክክል ነው ያነበበው» አለች ቀስ ብላ፤ «ከተማችንንም በዚያችው ፊደል ነው የምንጽፋት።»

ሲሮ! ሦስታችንም ተያየን። ሕዝብ ፊት ተሳስተን ሂርና ድረስ የተወሰድንባት ፊደል ናት። ልጁ የሚያውቀውን ፊደል በሚያውቀው ድምፅ አነበበ፤ እኛም ያደረግነው ያንኑ ነው። ልዩነቱ እኛ ስንሳሳት የተሳቀብን አውቶቡስ ውስጥ በማናውቃቸው ሰዎች ሲሆን፣ በእሱ የሳቁበት አስተማሪዎቹ መሆናቸው ነው። በማግስቱ ልጁ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ቤቱን አስፈልገን ሄደን፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ የሲሮን ታሪክ ለእሱና ለእናቱ አጫወትናቸው። እናቱ እየሳቁ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ልጁ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ለፊደል ሰጠነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ድምፅ፣ በቀኝ የቁቤው ድምፅ ይጻፋል። ኤክስ በቁቤ ጠ ናት፤ ኪው ደግሞ ቀ። የቀኙን እነሱ ያስተምሩናል፤ የግራውን እኛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የአዴ ወንድም ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ይመጣሉ። እኛ «አባባ» ነበር የምንላቸው። ጥላ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ጫታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ውኃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ገበሬ ናቸው፤ ማሽላና ጫት አላቸው። ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ዓመት ይጠብቃል፤ ጫት ግን ተቆርጦ አያድርም፤ ትኩስነቱን ሳያጣ ገበያ መድረስ አለበት። ለዚህ ነው በዚያ መንገድ ላይ አይሱዙዎቹ እንደ ጥይት የሚተኮሱት። አባባ ይህን ሲያስረዱን፣ «ማሽላ ሽማግሌ ነው፤ ጫት ጎረምሳ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን «እናንተ ስንተኛ እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። ጥያቄው ስላልገባን «ሂን ቤኩ» አልን። በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ከብት ጠባቂ ልጅ ሳሉ ያዩአቸውን ፈረንጅ አስተማሪዎች አስቀደሙ። ቀጥለው ከአዲስ አበባ ለአንድ ዓመት እየመጡ ያስተምሩ የነበሩትን የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ቆጠሩ፤ ከዚያ ካኪ የለበሱትን፤ ከዚያ ማታ ማታ በኩራዝ ያስተማሩትን።

እኛ ይህንን ታሪክ በክፍል የምናውቀው በቀን ነው። የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሆነው በ1955 የትምህርት ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በ1957 የትምህርት ዘመን የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በክፍለ ሀገር ከተሞች እንዲያገለግሉ አደረገ፤ ይህ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ ስልሳ ሺህ ገደማ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተበተኑ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ ኋላ እስከ አሥራ አምስት ቋንቋ ደረሰ፤ ሁሉም የሚጻፉት በግዕዙ ፊደል ነበር። ለእኛ ቀን የሆነው ለአባባ ሰው ነው። አንዱ እግር ኳስ ይጫወት ነበር፤ አንዱ በወባ ታሞ ነበር፤ አንዷ መልካም ድምፅ ነበራት።

«ሁሉም ጥሩ ልጆች ነበሩ» አሉ አባባ። «ሁሉም ሄዱ።»

እሳቸውን ያስተማረቻቸው በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ከከተማ የመጣች ልጃገረድ ናት። በኦሮምኛ፣ በግዕዙ ፊደል ማንበብና መጻፍ አስተማረቻቸው። የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ አለ። ልጅቷ ስትሄድ «ለማሽላው አጨዳ እመለሳለሁ» ብላቸው ነበር። ማሽላው ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደታጨደ አንባቢ ያስላ።

ታዲያ ነገሩ ወዲህ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። አንዱ ምክንያት እኛን ከጅብ ጋር ያዛመደን ነገር ነው፤ የግዕዙ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚረዝመውንና የሚያጥረውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። በቁቤ ግን የሚጠብቅ ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አማርኛስ ቢሆን «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ በምን ይታወቃል? ነገር ግን ልጅ ሁሉ በቁቤ ሲማር፣ በ«ሀ ሁ» ማንበብ የተማሩ እንደ አባባ ያሉ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ከተጻፈው ወረቀት ውጭ ሆኑ። «እኔ እኮ መሃይም አይደለሁም» ይላሉ አባባ፤ «ማንበብ አውቃለሁ። የልጄን ጽሕፈት ግን ማንበብ አልችልም።»

ልጃቸው ዐረብ አገር ነው። የቀጭኗ ተማሪያችን አባት ማለት ነው። አንዳንዴ ይደውላል፤ አንዳንዴ በአባባ ትንሽ ስልክ መልእክት ይጽፋል። የምታነብላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጅዋ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች። አባቷ ደህና ነው፤ ሥራ አለ፤ ሙቀቱ በርትቷል፤ ለአዴ ሰላምታ ይድረስ። አባባ «ጎበዝ» ብለው ራሷን ይዳስሷታል።

አንድ ቀን ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ አባባ ስልኩን አወጡና ጠጋ በሉ አሉን። «ይኸ በረመዳን የመጣው ነው። እዩ፤ ወደ ታች ስድስት ጊዜ እገፋዋለሁ፤ ከዚያ ያልቃል። እሷ ግን አራተኛው ላይ ታቆማለች። ሁልጊዜ አራተኛው ላይ።»

ከመካከላችን አንዷ እጅዋን ዘርግታ፣ «እኛ እንሞክርልዎት?» አለች። አባባ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«አይሆንም። ልጄ ሲደውል ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለው። በአፍ ለመናገር የከበደውን ነው የሚጽፈው። ይህን ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ፊደሉን አስተምሩኝ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። እኛ ፊደሉን እናውቃለን፤ ቋንቋውን አናውቅም። አባባ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ፊደሉን አያውቁም። ሁለቱ ጎደሎዎች ተገናኝተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጅቷ እንዳታውቅ ውኃ በምትቀዳበት ሰዓት ይሆናል ትምህርቱ። የልጆቹን የቁቤ መጽሐፍ ተውሰን እኛ ጮክ ብለን እናነባለን፤ ምን እንዳልን ግን አናውቅም። አባባ ይሰማሉ፤ አንዳንዴ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ «እንዲህ አይባልም፤ አርዝመው!» ይሉናል። «ለፈ» መሬት ነው፤ ረዝሞ «ላፋ» ሲሆን ለስላሳ ነው። እሳቸው ሲያርሙን እኛ ቋንቋ እንማራለን፤ እኛ ስናነብ ጣታቸው መስመሩን እየተከተለ እሳቸው ፊደል ይማራሉ። የፊደላቱን ዝርዝር በደብተር ጻፍንላቸው፤ እሳቸው ከእያንዳንዱ አጠገብ፣ ያቺ ልጃገረድ ባስተማረቻቸው የግዕዝ ፊደል ድምፁን ጻፉበት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፊደላቸው ግን የሚያምር ነው። ከሲ አጠገብ «ጨ»ን ሲጽፉ ቀና ብለው «ሲሮ!» አሉንና ሳቁብን። ታሪካችን ለካ ሰፈሩን ሁሉ ዞሯል።

አምስት ሳምንት ፈጀብን። ክረምቱ እየከበደ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት እየበለጠ ሄደ። ከአርባዎቹ ተማሪዎች ሃያ ስድስቱ ቀሩ፤ ሌሎቹን የጫት ሥራና የእርሻ ጉዳይ ወሰዳቸው። የበጎ ፈቃድ ሥራችን በወረቀት ሲመዘን ይህን ያህል ነው፤ አናጋንነውም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አባባ ጫቱንም ሳይፈቱ፣ ስልኩን አውጥተው፣ መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ገጽ ለማንበብ ሆጃው ቀዘቀዘ። ልጅቷ ያነበበችላቸው ሁሉ በትክክል አለ። ሥራው አለ፤ ሙቀቱ አለ፤ የአዴ ሰላምታ አለ። አራተኛውን ጨረሱ። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ገፉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛውን አልተረዳነውም፤ ኦሮምኛችን አልደረሰበትም። አንድ ቦታ ላይ ግን ድምፃቸው ቀስ አለና «ሂን… ገ…ሉ» አሉ። «ሂን» የእኛዋ የዘወትር ቃል ናት፤ የ«ሂን ቤኩ»ዋ፣ የአላውቅሟ። «ገሉ» ደግሞ አዴ በየማታው የሚሉን «ገልተኒ?» ናት። ሁለቱን ቃል ለየብቻቸው ስንት ቀን ስንጫወትባቸው ከረምን! ተጋጥመው ሲመጡ ማንም አልተረጎመልንም፤ ገባን። አልገባም ነው የሚለው። ወደ ቤት አልመለስም።

አባባ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት። መነጽራቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። ለምን እንደማይመለስ፣ ታሥሮ ይሁን፣ ሌላ ቤት መሥርቶ ይሁን፣ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የነገሩን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማንበቤን ለልጅቷ አትንገሯት።»

በሦስተኛው ቀን አዲስ መልእክት መጣ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ስልኩን በሁለት እጅዋ ይዛ ጮክ ብላ አነበበች። እኛ ደጃፋችን ላይ ሽንኩርት እየላጥን ነበር፤ ቀና ብለን ማየት አልደፈርንም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የአባቷን ነገር ለብቻዋ ተሸክማ ከአያቷ ትደብቃለች፤ አያትየው ማወቃቸውን ከእሷ ይደብቃሉ። አንብባ ጨረሰች። አባባ «ከዚያስ?» አላሉም። ራሷን ዳሰሱና «ጎበዝ» አሏት።

ትክክል ሠርተን ይሆን? ሦስታችን በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። አንዱ፣ ሽማግሌው እውነቱን በገዛ ዓይናቸው ማወቃቸው ክብራቸው ነው ይላል። አንዷ፣ ባናስተምራቸው ኖሮ ቢያንስ በተስፋ ይኖሩ ነበር ትላለች። ሦስተኛው፣ ልጅቷ ብቻዋን የተሸከመችውን አሁን፣ ባታውቀውም፣ ሁለት ሆነው ተሸከሙት ይላል። ለበጎ ፈቃድ ስንሄድ የሰጡን ሥልጠና ላይ ፊደል ማስተማር መልካም ነው ተብለናል፤ የተማረው ሰው የሚያነበው ምን እንደሚሆን ግን ማንም አላነሣውም ነበር። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ስም ያልጠራነውና አንዳንድ ነገር የለዋወጥነው ለዚህ ነው።

በምንመለስበት ዋዜማ አዴ ቡና አፈሉ። አባባ በፎጣቸው የጠቀለሉትን ለውዝ ለመንገድ ሰጡን። ከዚያ ስንፈራው የነበረውን ጥያቄ ጠየቁ።

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

«በሚመጣው ክረምት» ልንል አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። ለማሽላው አጨዳ እመለሳለሁ ያለችውን ልጃገረድ አስታወስን። በሚመጣው ክረምት የት እንደምንሆን፣ ማን ምን እንደሚመድበን፣ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ሦስታችን ተያየንና ከመካከላችን አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሂን ቤኩ» አላቸው።

አባባ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን እያጨበጨቡ ከልባቸው ሳቁ። «ከመጡት ሁሉ» አሉ ለአዴ፣ «እውነቱን የነገሩኝ እነዚህ ናቸው!»

በነጋው ልጅቷ ሻንጣችንን እስከ መናኸሪያው አጀበችልን። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በዚያ ሰሌዳ ፊት አለፍን። ሦስታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን «ጭሮ!» ብለን አነበብነው። ረዳቱ ዞር ብሎ «ወራጅ አለ?» አለ።

አሁን ዶርማችን ውስጥ ነን። እኛም የምስክር ወረቀት ተሰጥቶናል፤ ሻንጣ ውስጥ እንደተጣጠፈ አለ፤ መስታወት አልገዛንለትም። በዚህ ሰሞን የሚመጣው ክረምት ምዝገባ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ጓደኞቻችን፣ የምትሄዱበትን አገር ፊደልና ጥቂት ቃል ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ። ምዕራብ ሐረርጌ የሚደርሳችሁ ካላችሁ ደግሞ ዶርማችን ብቅ በሉ፤ ለአንዲት ጎበዝ ተማሪ የምንልከው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለን። እኛ ገና አልተመዘገብንም፤ ስሞቹ የሚጻፉበትን ወረቀት ግን ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ሄደን አይተነዋል።